ያውቁ ኖሯል? ጁባ ላይ ካርድ ሲያወጡ ጭማሪው የማን ነው?

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

«በካሽ ነው በካርድ?» የሚለው ጥያቄ ጁባ ውስጥ ዋጋ እንደሚለውጥ ያውቁ ኖሯል? ካርድ የሚቀበሉት ቤቶች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም የውጭ እንግዳ የሚያርፍባቸው ሆቴሎች ናቸው። ከእነሱም መካከል በካርድ ለሚከፍል ሰው ሒሳቡ ላይ በመቶኛ የሚጨምሩ አሉ። አዳሩ 100 ዶላር፣ ጭማሪው 5 በመቶ ቢሆን ከካርድዎ 105 ዶላር ይቆረጣል። ዛሬ የምንከታተለው ያቺን 5 ዶላር ነው፤ ወዴት እንደምትሄድ፣ ካርድ የሌለው ሰውስ እሷኑ በየትኛው በር በኩል እንደሚከፍላት።

ካርዱ ማሽኑን ሲነካ ሦስት ወገኖች ይቋደሳሉ። አንዱ ካርዱን ለእርስዎ የሰጠው ባንክ ነው። ሁለተኛው ማሽኑን ለሆቴሉ ያቀረበው ባንክ ነው። ሦስተኛው በሁለቱ መካከል መልእክት የሚያመላልሰው እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ያለው ድርጅት ነው። ብዙ ሰው ትልቁን ድርሻ ቪዛ የሚወስደው ይመስለዋል። አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ ቁራሽ የሚደርሰው ካርዱን ለሰጠው ባንክ ነው። ጁባ ላይ የተከፈለ ኮሚሽን ዋሽንግተን ወይም ለንደን ባለ ባንክ ካዝና ይገባል ማለት ነው።

ክፍያውን ነጋዴው እንዲሸከም የተደረገው ገና ከጥንስሱ ነው። ፍራንክ ማክናማራ በ1950 ኒው ዮርክ ውስጥ ዳይነርስ ክለብን ሲጀምር ካርዱ ከካርቶን የተሠራ ነበር፤ ምግብ ቤቶቹም ከሒሳቡ 7 በመቶ ለክለቡ ይለቁ ነበር። በላተኛው የሚያየው የምግብ ዝርዝሩ ላይ የተጻፈውን ዋጋ ብቻ ነው።

ቪዛ በመጀመሪያ የአንድ ባንክ ካርድ እንደነበርስ ያውቁ ኖሯል? ባንክ ኦፍ አሜሪካ በመስከረም 1958 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፍሬዝኖ ከተማ ላሉ 60,000 ያህል ሰዎች ሳይጠይቁት ካርዱን በፖስታ ላከላቸው። ቪዛ የሚለውን ስም ያገኘው በ1976 ነው።

ነጋዴው ጭማሪውን በግልጽ እንዳይጠይቅ ለብዙ ዓመታት አፉን ይዞት የኖረው በአብዛኛው የካርድ ድርጅቶቹን ደንብ የያዘ ውል ነበር። ውሉ «ካርድ ለሚያወጣ ሰው ዋጋ አትጨምር» ይላል። ይህን ቋጠሮ ቀድመው ከፈቱት አንዷ አውስትራሊያ ናት፤ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ከጥር 2003 ጀምሮ ነጋዴዎች ጭማሪ እንዲጠይቁ ፈቀደ። አሜሪካ ውስጥ በሩ የተከፈተው ከረጅም ክስ በኋላ ጥር 27 ቀን 2013 ነው፤ ጣሪያው 4 በመቶ ነበር፣ ቪዛ በሚያዝያ 2023 ወደ 3 በመቶ አወረደው። ካናዳ በጥቅምት 2022 ተከተለች፤ የእሷ ጣሪያ 2.4 በመቶ ነው።

አውሮፓ በተቃራኒው ሄደች። ከጥር 13 ቀን 2018 ጀምሮ በተለመዱት የግለሰብ ካርዶች ላይ ጭማሪ መጠየቅ በኅብረቱ አገሮች ክልክል ሆነ፤ እንግሊዝም በዚያው ቀን አገደች። አውሮፓ ዝም ብላ ግን አላገደችም። አስቀድማ ካርዱን የሰጠው ባንክ ከነጋዴው የሚወስደውን ድርሻ በዴቢት ካርድ 0.2 በመቶ፣ በክሬዲት ካርድ 0.3 በመቶ ላይ ቆረጠችው። መጀመሪያ ሸክሙን አቀለለች፣ ከዚያ ነጋዴውን «ብቻህን ተሸከም» አለች። ቅደም ተከተሉ ትልቅ ነገር ነው። ሸክሙን ሳያቀልሉ ማገድ ጭማሪውን ከደረሰኙ ላይ አውርዶ የሽሮው ዋጋ ውስጥ መደበቅ ይሆናል።

አንድ የፀጉር ቤት ጉዳይ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንደ ደረሰ ያውቁ ኖሯል? የኒው ዮርክ ግዛት ሕግ «ለካሽ ቅናሽ አለ» ማለትን ይፈቅድ፣ «ለካርድ ጭማሪ አለ» ማለትን ግን ይከለክል ነበር። ሁለቱም አንድ ሒሳብ ናቸው፤ ልዩነቱ አነጋገሩ ላይ ነው። ኤክስፕሬሽንስ ሄር ዲዛይን የተባለው ፀጉር ቤትና ሌሎች ነጋዴዎች ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱም በመጋቢት 2017 ሕጉ የሚቆጣጠረው ዋጋን ሳይሆን ንግግርን ነው አለ። ከየካቲት 2024 ወዲህ የኒው ዮርክ ሱቅ በካርድ የሚከፈለውን ሙሉ ዋጋ አስቀድሞ ለደንበኛው ማሳየት አለበት። ሒሳቡ ከመጣ በኋላ መቶኛ መጨመር አይችልም። እኔ ለጁባም ለአዲስ አበባም የምመኘው ይህንን ነው። 105 ከሆነ 105 ተብሎ ይጻፍ፤ እንግዳው አልጋው ላይ ሳይተኛ፣ ምግቡን ሳያዝ ይወቀው።

ካሽ የሚከፍለው ሰው የካርዱን ባለቤት እንደሚደጉምስ ያውቁ ኖሯል? የቦስተን ፌዴራል ሪዘርቭ ተመራማሪዎች በ2010 ይህን በአሜሪካ ላይ ሲያሰሉ፣ ካሽ የሚጠቀም ቤተሰብ በአማካይ በዓመት 149 ዶላር ሲከፍል ካርድ የሚጠቀም ቤተሰብ 1,133 ዶላር እንደሚያገኝ ጻፉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ነጋዴው የካርዱን ወጪ በሁሉም ዕቃ ላይ ያከፋፍለዋል፤ ነጥቡና ሽልማቱ ግን ለካርዱ ባለቤት ብቻ ይመለሳል። ይህን ካሰብን፣ ጭማሪውን ካርድ ካወጣው ሰው ብቻ የሚጠይቅ የጁባ ሆቴል ቢያንስ በካሽ የሚከፍለውን ጎረቤት አላስከፈለም። ጥፋቱ የሚጀምረው ጭማሪው ሲደበቅና ከእውነተኛው ወጪ ሲበልጥ ነው።

አንድ ትንሽ ስሌት። የባንኩ ኮሚሽን 3 በመቶ ቢሆንና ሆቴሉ በ100 ዶላር ላይ 3 ዶላር ቢጨምር ሙሉ ገንዘቡ አይተርፈውም። ኮሚሽኑ የሚታሰበው በ103 ላይ ስለሆነ 3.09 ይቆረጣል፤ የሚደርሰው 99.91 ነው። ስለዚህ 3 በመቶ የከፈለ ሰው ጥቂት ሳንቲም ከፍ አድርጎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። 8 ወይም 10 በመቶ የሚጠይቅ ግን ሌላ ነገር እያስከፈለ ነው።

ጁባ ለምን የካሽ ከተማ ሆነች? አንደኛው መልስ ካርቱም ነው። አሜሪካ በኅዳር 1997 ሱዳን ላይ ማዕቀብ ስትጥል የአሜሪካ ካርዶች በአገሪቱ መሥራት አቆሙ፤ ጁባ ያኔ የሱዳን ከተማ ነበረች። በጥቅምት 2006 ደቡቡ ከማዕቀቡ በከፊል ወጣ፤ በሱዳን ላይ የነበረው የንግድ ማዕቀብ የተነሣው በጥቅምት 2017 ነው። ሌላው ዓለም ካርድ ሲለምድ ጁባ ገንዘብ መቁጠር ላይ ነበረች።

የጎረቤት ባንኮችም የመጡት ዘግይተው ነው፤ የኬንያው ኬሲቢ ባንክ ጁባ የገባው በ2006 ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደግሞ በ2009 ቅርንጫፍ ከፈተ፤ ደቡብ ሱዳን ነፃ አገር ከመሆኗ ሁለት ዓመት ቀድሞ።

ማሽን ያለ ኔትወርክና ያለ መብራት ዕቃ ብቻ ነው። ጁባ ከዓለም ጋር በፋይበር የተገናኘችው በየካቲት 2020 ነው፤ ሊኩዊድ ቴሌኮም መስመሩን ከኡጋንዳ በኩል አምጥቶ አስገባው። ከዚያ በፊት ኢንተርኔቱ በአመዛኙ በሳተላይት ነበር፣ ዋጋውም የሚቀመስ አልነበረም። መብራት ከከተማው መስመር መዳረስ የጀመረው በ2019 መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት አቅም ያለው በየግቢው ጄኔሬተር ያስነሣ ነበር። አንድ የካርድ ክፍያ እንዲሳካ ናፍጣ ይቃጠል ነበር ማለት ነው። ያ ናፍጣ ሒሳቡ ውስጥ አለ።

በሰኔ 2021 ደግሞ ደቡብ ሱዳን በዓለም አቀፉ የሕገ ወጥ ገንዘብ ዝውውር ተቆጣጣሪ ቡድን «ግራጫ መዝገብ» ውስጥ ገባች። የዚህ መዝገብ ትርጉሙ ለተራው ሰው እንዲህ ነው፦ የጁባ ባንክ ዶላር ለማንቀሳቀስ ኒው ዮርክ ወይም አውሮፓ ያለ አጋር ባንክ ያስፈልገዋል፤ አጋሩ ባንክ አገሪቱ መዝገብ ላይ ካለች ብዙ ይጠይቃል፣ ብዙ ያስከፍላል፣ አንዳንዴም እምቢ ይላል። የሆቴሉ ጭማሪ ከፊሉ የዚህ ጥርጣሬ ዋጋ ነው። አንድም ጥፋት ያልሠራች የቡና ቤት ባለቤት ትከፍለዋለች።

ግን ካሽስ በነፃ ነው? እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

የደቡብ ሱዳን ፓውንድ የወጣው ሐምሌ 18 ቀን 2011 ነው፤ ነፃነት ከታወጀ በዘጠነኛው ቀን። በጊዜው ትልቁ ኖት 100 ፓውንድ ነበር። ዶላሩ በይፋ 2.96 ፓውንድ ስለነበር ያ አንድ ወረቀት 34 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር። በታኅሣሥ 2015 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ በአንድ ጊዜ ወደ 18 ተኩል ተተኮሰ። 500 ፓውንድ በ2018፣ 1,000 ፓውንድ በየካቲት 2021 ታተሙ። በ2025 ያ ትልቁ 1,000 ፓውንድ ሩብ ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። የ100 ዶላር ሒሳብ በፓውንድ ለመክፈል ከ400 የሚበልጥ ባለ 1,000 ኖት ያስፈልግ ነበር። ገንዘቡ የሚያዘው በኪስ ሳይሆን በፌስታል ነው። የሚቆጥር ሰው ይቀጠራል ወይም የመቁጠሪያ ማሽን ይገዛል፤ ሐሰተኛውን የሚለይ ዐይን ያስፈልጋል፤ ማታ ወደ ቤት የሚሸኝ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ወጪ ነው። ደረሰኝ ላይ «የካሽ ጭማሪ» የሚል መስመር ስለሌለ ግን ማንም አያየውም።



የአሜሪካ መንግሥት ከ1861 ጀምሮ ያወጣውን ገንዘብ ሁሉ እስከ ዛሬ እንደሚቀበል ያውቁ ኖሯል? ጁባ ግን አትቀበልም። ከ2006 በፊት የታተመ የመቶ ዶላር ኖት ይዘው ከሄዱ ወይ ይመለስልዎታል ወይ በቅናሽ ይወሰዳል። የታጠፈ፣ የተጻፈበት፣ ጠርዙ የተቀደደም እንዲሁ። ባለ 1፣ ባለ 5 እና ባለ 10 ዶላሩም ከባለ መቶው ባነሰ ምንዛሬ ነው የሚገዛው። አንድ ዓይነት ገንዘብ ሆኖ ሁለት ዋጋ አለው፤ ይህም ያው ጭማሪው ነው፣ በሌላ ልብስ።

የእኛ አያቶች ይህን ጨዋታ አሳምረው ያውቁት ነበር። ጠገራ ብር፣ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ መቼም ይመታ መቼ ላዩ ላይ ያለው ዓመት 1780 ነው። የገበያ ሰው በእጁ እየመዘነ፣ የንግሥቲቱን ጌጥ ዕንቁ እየቆጠረ፣ ያለቀውንና የደበዘዘውን «አልወስድም» ይል ነበር። አጤ ምኒልክ ከ1894 ጀምሮ የራሳቸውን ብር ሲያስመቱ እንኳ ብዙ ነጋዴ የለመደውን ጠገራ ይመርጥ ነበር። ጁባ ላይ 2006 የሚለውን ቁጥር በጣቱ የሚፈልገው ምንዛሪ ዘርጊና ዕንቁ ይቆጥር የነበረው የጎንደር ነጋዴ ቢገናኙ ሥራቸውን ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ።

አሞሌም የራሱ ጭማሪ ነበረው። ጨው ከአፋር ረባዳ ምድር ተቆርጦ ወደ ደጋው ሲወጣ፣ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ለአንድ ጠገራ የሚሰጠው አሞሌ እያነሰ ይሄዳል። በመንገዱ ላይ የግመሉ ኪራይ አለ፣ የበቅሎው አለ፣ በየኬላው የሚከፈል ቀረጥ አለ፣ በዝናብ የሚሟሟውም አለ። ገንዘቡ ራሱ የመጓጓዣውን ሒሳብ ተሸክሞ ይዞራል።

አሁን ወደ ስልክ እንምጣ። የደቡብ ሱዳን የመጀመሪያው የሞባይል ገንዘብ ኤም-ጉሩሽ ይባላል፤ በ2019 የስልክ ኩባንያው ዜይን ከትሪኒቲ ቴክኖሎጂስ ጋር አስጀመረው። በኋላም የኤምቲኤን ሞሞ ገበያውን ተቀላቀለ። «ጉሩሽ» በጁባ አረብኛ ገንዘብ ማለት ነው፤ ቃሉ የመጣው ከኦቶማን ቱርኮች መገበያያ ነው። የምኒልክ ዘመን ሳንቲም «ግርሽ» ይባል እንደነበርና ኦሮሞው ዛሬም ገንዘብን «ቀርሺ» እንደሚል ያስታውሱ። ሦስቱም የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው።

የሞባይል ገንዘብ ትልቁ ጭማሪ ሲልኩ ሳይሆን ሲያወጡ እንደሚመጣ ያውቁ ኖሯል? ስልክ ላይ ያለ ቁጥር ወረቀት እንዲሆን ወኪሉ በእጁ ካሽ ሊኖረው ይገባል። በ2025 የጁባ ባንኮች ኖት አጥሯቸው ሰዎች የራሳቸውን ደመወዝ ለማውጣት ሲሰለፉ፣ ካሽ ራሱ የሚሸጥ ዕቃ ሆነ፤ ከታሪፉ በላይ ካልከፈሉ የማይሰጥ ወኪል ነበር። ናይጄሪያም በ2023 መጀመሪያ ላይ የናይራ ኖቶችን ስትቀይር ይኸው ደረሰባት፤ መንገድ ዳር ማሽን ይዘው የሚቀመጡ ወኪሎች ለካሽ የሚጠይቁት መቶኛ ናረ። ለንደንንና ጁባን አጠገብ ለአጠገብ ሲያስቀምጧቸው ነገሩ ይገለጣል። ከ2018ቱ እገዳ በፊት ለንደን ላይ ጭማሪ የሚጠየቀው ካርድ ያወጣ ሰው ነበር፤ ጁባ ላይ ደግሞ ወረቀት የፈለገ ሰውም ይጠየቃል። እጥረት ያለበትን ነገር የሚፈልግ ሁልጊዜ ይከፍላል፤ በጥቅሉ ሲታይ ደግሞ ያ ሰው ደኻው ነው።

ኡጋንዳ በሐምሌ 2018 በሞባይል ገንዘብ ላይ 1 በመቶ ታክስ ጣለች። ሕዝቡ ጮኸ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወደ 0.5 በመቶ ወረደ፣ እሱም ገንዘብ ሲወጣ ብቻ ሆነ። ኬንያ በመጋቢት 2020፣ ኮሮና ሲገባ፣ እስከ 1,000 ሽልንግ ያለውን የኤም-ፔሳ ዝውውር ለጊዜው ነፃ አደረገች። ሕንድ ከዚህም አልፋ ከጥር 2020 ጀምሮ በዩፒአይ ለሚከፈል ገንዘብ ከነጋዴው ምንም ኮሚሽን እንዳይወሰድ አዘዘች። ጭማሪ ከሰማይ የወረደ ሕግ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

የተባበሩት መንግሥታት የልማት ግብ እስከ 2030 ድረስ ገንዘብ ወደ አገር የመላኪያ ዋጋ ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ይላል። ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ አማካይ አሁንም 8 በመቶ አካባቢ ነው፤ ከዓለም ውድ። ጁባ ውስጥ ምግብ ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ለእናቷ ስትልክ በሐዋላ የምትልከው ለዚህ ነው። ሐዋላው «ኮሚሽን የለም» ሊላት ይችላል። ኮሚሽኑ ያለው ምንዛሬው ውስጥ ነው፤ ስለዚህ «ስንት ታስከፍላለህ?» ብላ ከመጠየቅ «እናቴ እጅ ስንት ብር ይገባል?» ብላ ብትጠይቅ ይሻላታል።

ዕቁብም ጭማሪ አለው። ዕጣው የደረሰው ሰው ተራውን ለቸገረው ሲሸጥ፣ ገዢው ቀድሞ ለማግኘት ከሙሉው ላይ ጥቂት ይለቃል። እዚህ ግን ሁሉም ሰው ተሰብስቦ፣ ዳኛው ባለበት፣ በጆሮው ሰምቶ ነው የሚስማማው።

ካርድ ለሚይዙ አንባቢዎች አንድ ጥንቃቄ። ማሽኑ «በአገርዎ ገንዘብ ይከፍላሉ?» ብሎ ከጠየቀዎት አይቀበሉ። ለምሳሌ ካርድዎ የእንግሊዝ ሆኖ ሒሳቡ በዶላር ከሆነ ዶላሩን ይምረጡ። ፓውንድ ስተርሊንጉን ከመረጡ ምንዛሬውን የሚወስነው የነጋዴው ወገን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከራስዎ ባንክ የከፋ ነው። በዚያ ላይ የሆቴሉ የካርድ ጭማሪ፣ በዚያ ላይ ብዙ ባንኮች ለውጭ አገር ግብይት የሚጠይቁት እስከ 3 በመቶ የሚደርስ ክፍያ አለ። ሦስት ጊዜ ተቆርጦብዎት ቤትዎ ሲገቡ ነው የሚያውቁት።

አሜሪካ ውስጥ በዴቢት ካርድ ላይ ጭማሪ መጠየቅ ክልክል ነው፤ በክሬዲት ካርድ ላይ የሚጠይቅም በሱቁ መግቢያ ላይ መለጠፍ፣ ደረሰኙም ላይ ለይቶ መጻፍ አለበት። ጁባ ላይም «በደረሰኙ ላይ ለብቻው ይጻፉልኝ» ማለት ይችላሉ። ብዙ ጊዜ እንግዳ ተቀባዩ ሳይከፋው ይጽፋል፤ ወጪዎን ለሚመልስልዎት መሥሪያ ቤትም ማስረጃ ይሆናል።

ቲፕስ? በካርድ ከሰጡት መቶኛው ቲፑ ላይም እንደሚታሰብ ያውቁ ኖሯል? በ5 በመቶ ጭማሪ፣ ለአስተናጋጇ የጻፉት 10 ዶላር እርስዎን 10.50 ያስወጣዎታል፤ እሷ ዘንድ የሚደርሰው ባንኩ ለሆቴሉ ሲከፍል፣ ሆቴሉም ለሠራተኛው ሲያካፍል ነው። ሒሳቡን በካርድ ይዝጉና ቲፑን በእጇ ይስጧት፤ ከ2006 ወዲህ የታተመ፣ ያልታጠፈ ኖት ይሁን።